ማረሻችንን የቀጠቀጠው «ጅብ»

የንባብ ክፍል፦ ዘጸአት 20፥16፤ ዮሐንስ 4፥1–26 እና 8፥39–49፤ ያዕቆብ 3፥8–10



ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ ባለው አገር ያደገ ሰው ይህን ተረት ሳይሰማ አይቀርም። አንድ ገበሬ ሌሊት ከበረቱ ደጅ የቆመ ጅብ በጦር ይወጋል። ጅቡ እያነከሰ ያመልጣል። ሲነጋ ገበሬው ማረሻውን ሊያሠራ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይሄዳል። ቀጥቃጩ ግን እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ተኝቷል፤ ቁስሉም ጦሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። ሌላው ተራኪ ደግሞ የተገደለው ጅብ ጆሮ ላይ የወርቅ ጉትቻ ተገኘ ይላል። በ1840ዎቹ አገራችን የኖረው እንግሊዛዊ ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቡዳና ጉትቻ ስላላቸው ጅቦች የሚወራውን ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ተረቱ የትናንት አይደለም፤ ብዙ ትውልድ በምድጃ ዳር እየተቀባበለው የመጣ ነው።

የዛሬው ጥያቄዬ፣ በተረቱ ውስጥ ያለው ቀጥቃጭ ማን ነው? የሚል ነው። በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ ለብዙ ዘመን ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩና ሸማ ሲሸምኑ ከኖሩት መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ሰው «ፈላሻ»፣ «ካይላ»፣ «ጠይብ» እያለ ሲጠራቸው የኖሩት የኦሪት ሰዎች። ቡዳ የሚለው ስም በሌሎች ባለ እጆችም ላይ ተለጥፏል፤ በእኛ አገር ግን የሌሊቱ ጅብ ተረት ከሁሉ በላይ ያረፈው በአይሁዳዊው ጎረቤታችን ላይ ነው።

ከተረቱ በፊት መሬቱ ነበረ

ሰዎች ተረቱን ሲያወሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ያስመስሉታል። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ቤተ እስራኤል ሁልጊዜ መሬት አልባ ባለ እጆች እንዳልነበሩ እናገኛለን። በስሜን አምባዎች ላይ የራሳቸው አለቆችና ወታደሮች ነበሯቸው። በ1770 በሊማሊሞ በኩል አልፎ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንኳ ጌዴዎንና ዮዲት ስለሚባሉ የስሜን ነገሥታቶቻቸው የተነገረውን መዝግቧል።

በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው አፄ ይስሐቅ ካሸነፋቸው በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አልባ ፈላሲ ይሁን ብሎ እንደ ፈረደ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት ይናገራል። «ፈላሻ» የሚለውም ስም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1579 አፄ ሠርፀ ድንግል በስሜን በራዳኢ ላይ ዘመቱ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ከዚያ ዘመቻ የመዘገበው አንድ ነገር አለ፦ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር የታሰረ አንዲት ሴት የአምላኳን ስም ጠርታ ወደ ገደል ራሷን ወረወረች፤ ማራኪዋንም ይዛው ወደቀች። ይህን የጻፈው የንጉሡ ወገን ነው፤ ሆኖም የሴቲቱን ድፍረት ሳያደንቅ አላለፈም። በ1620ዎቹ ደግሞ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የስሜኑ ጌዴዎን ተገደለ፤ ቤተ እስራኤል ራሳቸውን ችለው የኖሩበት ዘመንም አበቃ።

መሬቱ ከሄደ በኋላ የቀረላቸው እጃቸው ነበር። ጎንደር በ1630ዎቹ ስትቆረቆር ግንበኛና አናጢ ሆነው ለነገሥታቱ ሠሩ፤ አንዳንዶቹም ማዕረግ አገኙ። ዘመነ መሳፍንት ሲመጣና ቤተ መንግሥቱ ሲደክም ግን ያ ክብር ጠፋ። በየገበሬው መንደር ጥግ በወንዝ ዳር ሰፍረው፣ መሬት ከባለርስቱ እየተከራዩ፣ የሚኖሩት ከመዶሻና ከሸክላ ሆነ። የቡዳው ስም የከበደባቸውም ያኔ እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ወገኖች፣ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። መጀመሪያ ርስቱ ተነጠቀ፣ ቀጥሎ ሰውየው ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ ተረቱ በረታ። ናቡቴ በድንጋይ ከመወገሩ በፊት እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰደበ የሚል የሐሰት ምስክር ቆሞበት ነበር (1ኛ ነገሥት 21)። ወይኑን ለመውሰድ የሚሆን ታሪክ አስፈለጋቸው። በእኛ አገር ደግሞ ከተወሰደ በኋላ ሕሊና የሚያስተኛ ታሪክ አስፈለገ። ያ ሰው ጅብ ከሆነ ርስቱን ማጣቱ ማንንም አያሳዝንም።

ቀን እንፈልጋቸዋለን፣ ሌሊት እንፈራቸዋለን

የስሜን ገበሬ ያለ ማረሻ ገብሱን አይዘራም፣ ያለ ማጭድ አያጭድም። ሚስቱ ያለ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም፣ ያለ ማሰሮ ውኃ አትቀዳም። እነዚህን ሁሉ የሚሠራለት ከወንዙ ማዶ ያለው ቤተሰብ ነው። አፈር ወደ እሳት ገብቶ ጀበና ሆኖ ይወጣል፤ ድንጋይ የመሰለ ብረት ቀልጦ መሣሪያ ይሆናል። አራሹ ይህን ጥበብ ሲያይ፣ «አፈርን የለወጠ ራሱንስ መለወጥ ያቅተዋል?» አለ። ልጁ ሲታመም «ቡዳ በላው» ተባለ፤ ክታብ ታሰረ፣ ጢስ ተጤሰ፣ ጤና አዳም ተፈለገ። የክርስቶስን ችንካር የቀጠቀጡት የእነዚህ አባቶች ናቸው የሚል ወሬም ተጨመረበት።

ሐጋር ሳላሞን የተባለች እስራኤላዊት ተመራማሪ ከኢትዮጵያ የሄዱትን ቤተ እስራኤል ጠይቃ በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ኑሮ በዝርዝር አስፍራለች፤ ለመጽሐፏም የሰጠችው ርእስ «የጅብ ሰዎች» የሚል ነው። እዚያ ከተመዘገበው ሁሉ ልብ የሚነካው፣ ከመካከላቸው ክርስትና ተነሥተው የተጠመቁት እንኳ ከቡዳነት ስም አለመዳናቸው ነው። ጥምቀቱ ከኃጢአት ያነጻል ብለን እናስተምራለን፤ ጎረቤት ግን ከጅብነት አያነጻም ብሎ ደመደመ። እንግዲህ ጉዳዩ የሃይማኖት ልዩነት ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ክርስቶስን ከተቀበለ በኋላም በማዕድ የማንቀበለው ወንድም ካለ፣ ገላትያ 3፥28 በአፋችን እንጂ በቤታችን አልገባም።

በእርግጥ መለያየቱ ከሁለቱም ወገን ነበር። ቤተ እስራኤል የኦሪትን የመንጻት ሕግ አጥብቀው ስለሚጠብቁ ክርስቲያኑን አይነኩም፤ ከነኩም ታጥበው ነበር ወደ ቤታቸው የሚገቡት። በዚህ ምክንያት «አትንኩኝ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ነገር ግን አንዱ ወገን መሬትም ሥልጣንም ይዞ ነበር፤ ሌላው የነበረው ሕጉ ብቻ ነው። «አትንኩኝ» ያለው ሰው ጎረቤቱን አውሬ ነው አላለም።

አፄ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። መልካም አዋጅ ነበር። ሆኖም አዋጅ የገበያን ስድብ ቢገታም በምድጃ ዳር የሚወራውን ተረት አያስቆምም። ያ የእናትና የአባት፣ የሰባኪና የእረኛ ሥራ ነው።

ባሕር ማዶም ያው ተረት

ይህ የስሜን ሰው ብቻ በደል አይደለም። በ1144 በእንግሊዝ አገር በኖሪች ከተማ የአንድ ልጅ ሬሳ ተገኘ፤ ቆይቶም አይሁድ ገደሉት የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው መጽሐፍ ሆነ፣ ክሱ ከአገር ወደ አገር ተሻገረ፣ በየደረሰበትም የሰው ደም ፈሰሰ። በ1290 እንግሊዝ አይሁዶቿን በሙሉ ከአገር አስወጣች። ከጀርመን ተረቶች ሰብሳቢዎች ከግሪም ወንድማማቾች መድበል ውስጥም አንድ ልጅ በአስማት ማሲንቆ አይሁዳዊን በእሾህ መካከል የሚያስጨፍርበት ተረት አለ፤ በመጨረሻ የሚሰቀለው አይሁዳዊው ነው። ልጆች ሲሰሙት ይስቁ ነበር።

እኛ የተሐድሶ ልጆች ደግሞ በገዛ ቤታችን ያለውን ማለፍ አንችልም። ማርቲን ሉተር በ1523 ኢየሱስ አይሁዳዊ ሆኖ መወለዱን የሚያስታውስና ለአይሁድ በጎ የሆነ ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ በ1543 ግን ምኩራቦቻቸው እንዲቃጠሉ፣ ቤቶቻቸው እንዲፈርሱ፣ መጻሕፍታቸው እንዲወሰዱ የሚመክር ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ጸጋን ያስተማረን ያው ብዕር ነው። በአሜሪካ ያለችው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ1994 ያንን ጽሑፍ በይፋ ኮንናለች፤ ያ እስኪሆን ግን 450 ዓመት አልፏል።

በእነዚያ ዓመታት መካከል ናዚዎች መጡ። በ1938 «መርዛማው እንጉዳይ» የሚል የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ አሳተሙ። በሥዕሉ አይሁዳዊው አፍንጫው የቆለመመ፣ ልጆችን በከረሜላ የሚያታልል ክፉ ነው። እናት ለልጇ የሚበላውንና መርዛማውን እንጉዳይ ለይታ ስታሳየው፣ ሰውም እንዲሁ ነው ትለዋለች። አሳታሚው ዩሊየስ ሽትራይኸር ከጦርነቱ በኋላ ኑረንበርግ ላይ ሲከሰስ የሉተርን መጽሐፍ ለመከላከያው ጠቀሰ። 6 ሚሊዮን አይሁድ ግን በሕይወት አልነበሩም።

ዛሬ ወጣቶቻችን በስልካቸውና በትርጉም ፊልም የሚያዩት የምናብ ዓለም ከዚህ ሁሉ የነጻ ይመስለናል። በ1997 በወጣው በመጀመሪያው «ሃሪ ፖተር» መጽሐፍና በ2001 በታየው ፊልም የጠንቋዮቹን ባንክ የሚጠብቁት አጫጭር፣ ረጃጅም ጣት ያላቸው ፍጡራን ናቸው፤ በፊልሙም አፍንጫቸው የቆለመመ ነው። ብዙ ተመልካች እነርሱን ሲያይ አይሁድን የሚያሾፉ የድሮ ሥዕሎች ትዝ አሉት፤ በ2022 መጀመሪያም ክርክሩ እንደገና ጦፈ። የደራሲዋን ልብ የሚመረምረው እግዚአብሔር ነው። እኛ መጠየቅ ያለብን፣ ይህ ገንዘብ የሚወድ፣ ቀስተኛ አፍንጫ ያለው ፍጡር ሥዕል ከየት መጣ? የሚለውን ነው። ክፉ ሥዕል ሠሪው ከሞተ በኋላም ሥራውን ይሠራል፤ የሚያሳልፈው ሰው ትርጉሙን ባያውቀው እንኳ።

ከጅብ ወደ ጓዝ፣ ከጓዝ ወደ ሰንደቅ

ቤተ እስራኤል ከመካከላችን ሄደዋል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው የሙሴ ዘመቻ በሱዳን በኩል ወደ 8,000 ሰዎች ተወሰዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ካምፕ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓዙ። ጎንደር መውጫ ያለችው ወለቃ ዛሬ ለጎብኚ የሚሸጥ ሸክላ ትሸጣለች፤ ሸክላውን መጀመሪያ ያስተማሩት ግን አብዛኞቹ የሉም።

እዚያም ሌላ ሥዕል ጠበቃቸው። በጥር 1996 በእስራኤል ቤተ እስራኤል የለገሱት ደም በሥውር ሲደፋ እንደ ነበር ታወቀ፤ ሺህዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ተቃወሙ። በ2019 ደግሞ ኔትፍሊክስ በሱዳን ባሕር ዳርቻ የተደረገውን የሞሳድ ሥራ ፊልም አድርጎ አወጣ። ብዙ ተቺዎች እንዳሉት፣ በፊልሙ ጀግኖቹ ነጮቹ ሰላዮች ናቸው፤ በእግራቸው በረሃ ያቋረጡት፣ ልጆቻቸውን በአሸዋ የቀበሩት ሰዎች ከኋላ የሚታዩ ሆነው ቀሩ። የድሮው ተረት አውሬ አደረጋቸው፣ አዲሱ ጓዝ አደረጋቸው። በሁለቱም ውስጥ ስማቸውን ይዘው የሚናገሩ ሰዎች አይደሉም።

እኛስ? በብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን የእስራኤል ባንዲራ ይውለበለባል፣ ቀንደ መለከት ይነፋል፣ የአይሁድ ስም ሲነሣ «አሜን» ይባላል። ለአይሁድ መጸለይ መልካም ነው። ነገር ግን ሰውን የትንቢት ሰዓት ቆጣሪ ብቻ አድርጎ ማየትም ሌላ ዓይነት ተረት ነው። ሩቅ ያለውን አይሁዳዊ በመዝሙር ማክበር አይከብድም። ፈተናው፣ ከወንዙ ማዶ የኖረውን እንዴት ያዝነው? በእርሱ ቦታ ዛሬ ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የምትሠራዋንስ እንዴት እንይዛለን? የሚለው ነው።

ርኩሱን መንፈስ ምስክር አናድርገው

አሁን ወደ ጉባኤያችን ልምጣ። በነጻ ማውጣት ጸሎት ጊዜ የታመመ ሰው ሲጮኽ «ማን ነህ? ከየት ያዝኸው?» ተብሎ ይጠየቃል። መንፈሱም «የእገሌ ቡዳ ነኝ» ይላል። ጉባኤው ሃሌ ሉያ ብሎ ይበተናል፤ ስሙን ግን ይዞት ይሄዳል። በማግስቱ ያቺ ሸክላ ሠሪ ገበያ ስትወጣ ማሰሮዋን የሚጠይቃት የለም። ልጇን ሊያገባ የነበረው ሽማግሌ መላኩን ይተዋል። ልጁ የታመመበት ጎረቤት ደግሞ ወደ ቤቷ ዱላ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የጅቡ ተረት በእኛ መድረክ፣ በእኛ ማይክሮፎን ሕይወት አገኘ ማለት ነው።

ቅዱሳን፣ ጌታ ሰይጣን ሐሰተኛና የሐሰት አባት መሆኑን ነግሮናል (ዮሐንስ 8፥44)። በሌላው ነገር ሁሉ አናምነውም፤ ጎረቤታችንን ሲከስ ብቻ ለምን እናምነዋለን? ጌታ ኢየሱስ አጋንንት እንዲናገሩ አልፈቀደም (ማርቆስ 1፥34)። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያቺ ገረድ እውነት የሚመስል ነገር ስትናገር እንኳ መንፈሱን ዝም አሰኘው (ሐዋርያት ሥራ 16፥16–18)። ሕጉ በሰው ላይ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው ይላል (ዘዳግም 19፥15)፤ ርኩስ መንፈስን ከምስክሮቹ አልቆጠረውም። የወንድሞች ከሳሽ ማን እንደ ሆነም ራእይ 12፥10 ይነግረናል።

ይህችው ዮሐንስ 8፥44 በአውሮፓ አይሁድን ሁሉ የዲያብሎስ ልጆች ለማለት ተጠቅሳለች። ጥቅሱን የነጠቁት ግን ምዕራፉን አላነበቡም። የሚናገረው ኢየሱስ ራሱ አይሁዳዊ ነው፤ የሚከራከረውም ሊገድሉት ከሚፈልጉ የገዛ ወገኖቹ ጋር ነው። በምዕራፍ 4 ደግሞ መዳን ከአይሁድ እንደ ሆነ ለሳምራዊቷ ሴት ነግሯታል፤ ያንንም የተናገረው በጉድጓድ ዳር፣ ሰው የማይተባበራትን ሴት ውኃ ለምኖ ነው። ዕቃዋን አልተጸየፈም።

አራት ቁጥሮች ወረድ ብለን 8፥48 ስናነብ ኢየሱስ ምን እንደ ተባለ እናገኛለን፦ የባዕድ ወገን ነህ፣ ጋኔንም አለብህ ተባለ። ጌታችን አይሁዳዊ ነበር፤ እንጨት ሲጠርብ ያደገ የእጅ ባለሙያም ነበር (ማርቆስ 6፥3)። በናዝሬት ሳይሆን በዳባት ወይም በደባርቅ ቢያድግ ኖሮ ጎረቤቶቹ ቡዳ ብለው ልጆቻቸውን ከእርሱ በሸሸጉ ነበር። በዘጸአት 31 የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ባስልኤልም ወርቅና ናስ የሚሠራ ባለ እጅ ነው፤ ጥበቡን የሰጠው ጌታ እንደ ሆነ ቃሉ ይመሰክራል። ጠይብን መናቅ የዚህን መንፈስ ስጦታ መናቅ ነው።

ምን እናድርግ?

የነጻ ማውጣት አገልጋዮች ሆይ፣ በኢየሱስ ስም ጸልዩ፣ መንፈሱን ገሥጹ፣ ስም ግን አትጠይቁ። ስም ከተጠራም በዚያው መድረክ ውሸት ነው በሉ። የታመመውንም ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ሐኪምም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የጅቡን ተረት ለልጆቻችሁ ማስተላለፍ በእናንተ ይብቃ። እነርሱም ፊልም ሲያዩ አብራችሁ ተቀመጡ፤ «ክፉው ለምን እንዲህ ተደርጎ ተሣለ? ማንን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ሁላችንም ደግሞ በሰፈራችን በሥራው ምክንያት ማዕድ የማንቋደሰው፣ ልጁን የማናገባው ሰው ካለ በዚህ ሳምንት ቤቱ እንሂድ። ቡናውን እንጠጣ። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በምድጃ ዳርም ይሠራል፤ ያዕቆብ እንደሚለው በአንድ አፍ እግዚአብሔርን እየባረኩ በእርሱ አምሳል የተፈጠረውን መርገም አይገባምና።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ፣ በስሜንና በወገራ ጎረቤቶቻችን ላይ ስለ ተነገረው ሐሰት ሁሉ ማረን። በአንደበታችን የቀረውን አንጻ። ሩቅ ለሄዱት ሰላምን ስጣቸው፤ ከእኛ ጋር ያሉትን እንደ ልጆችህ የምናይበትን ዓይን ስጠን። አይሁዳዊና ባለ እጅ ሆኖ በመካከላችን ባደረው በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

የጌታችን ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።